ኪራዩን ከማየታችሁ በፊት መንገዱን እዩ

ሰሞኑን ከሥራ ባልደረባም ከጎረቤትም የምሰማው አንድ ዓይነት ወሬ ነው። አከራይ ጨመረ፣ ወደ ዳር ልወጣ ነው። የአዲስ አበባ ዳር የሚባለው ግን እንደየሰዉ ይለያያል። ለአንዱ ለገጣፎ ነው፣ ለሌላው ሰበታ ወይም ቡራዩ፣ ብርድ የማይፈራው ሱሉልታ ይላል፣ ደፈር ያለው ደግሞ ዱከምና ቢሾፍቱ ድረስ ያስባል።

ሰው እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ ብዙ የመሐል ከተማ ሰፈሮች ተነስተዋል። በፒያሳና በካዛንቺስ ጓሮ ለጓሮ ይከራዩ የነበሩ አንድ ክፍል ቤቶች አብረው ሄደዋል። እዚያ ይኖር የነበረው ተከራይ ሌላ ሰፈር ሄዶ ቤት መፈለጉ አይቀርም፣ ፈላጊ ሲበዛ ደግሞ የጀሞውም የሳሪሱም አከራይ ዋጋ ይጨምራል። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የሲሚንቶውም የብረቱም ዋጋ ተሰቅሏል። ደመወዝ ግን በዚያ ልክ አልሄደም። ስለዚህ ወደ ዳር መውጣት ያዋጣል ወይ ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ መልሴ አዎ ነው፣ ግን የሚያዋጣው መንገዱን አይቶ ለመረጠ ሰው ነው። ኪራዩን ብቻ አይቶ የወጣ ሰው ብዙ ጊዜ የቆጠበውን ለወያላ ይሰጠዋል።

እስቲ እናስላው። እንበልና ባልና ሚስት ናችሁ፣ ሁለታችሁም ሥራ አላችሁ። ከተማ ውስጥ ለሁለት ክፍል 18 ሺህ ብር ትከፍላላችሁ፣ ዳር ላይ ያንኑ የሚያህል ቤት በ10 ሺህ አገኛችሁ። በወር 8 ሺህ ተረፈ። አሁን ወደ ትራንስፖርቱ ኑ። ከተማ ውስጥ ስትኖሩ እያንዳንዳችሁ በቀን 40 ብር ታወጡ ነበር፣ ከዳር ስትመጡ ሁለት ሦስት ታክሲ መቀያየር ስላለ 180 ሆነ እንበል። የአንድ ሰው ጭማሪ በቀን 140 ብር ነው። በ26 የሥራ ቀን 3,640፣ ለሁለት ሰው 7,280 ብር። ከ8 ሺው የቀራችሁ 720 ብር ብቻ ነው። በቀን ሁለት ሰዓት ተጨማሪ መንገድ ላይ ከዋላችሁ ደግሞ እያንዳንዳችሁ በወር 52 ሰዓት ሰጥታችኋል። ልጅ ካለ እስክትመጡ የሚጠብቅለት ሰው ይፈልጋል፣ የመሸ ቀን ራይድ መጥራት አለ፣ ምሳ ቋጥሮ ለመውጣት ጊዜ ያጣ ሰው ውጭ ይበላል። 720 ብር ለዚህ ሁሉ አይበቃም።

ቁጥሮቹን በራሳችሁ ቀይሩና ስሉት። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ቤት የምትውሉ ወይም እዚያው ዳር የምትሠሩ ከሆነ ጭማሪው በግማሽ ይወርድና 4,360 ብር ይተርፋችኋል፣ ያኔ ነገሩ በደንብ ያዋጣል። ወይም መሥሪያ ቤታችሁ ሰርቪስ ካለው። ሰርቪስ ያለው ሰውና የሌለው ሰው አንድ ዓይነት ምክር ሊሰጣቸው አይገባም። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆናችሁ የፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡሱ የት ድረስ እንደሚሄድና በስንት ሰዓት እንደሚያልፍ ሳታውቁ ቀብድ አትክፈሉ።

ከኪራዩ ቀጥሎ ሰው የሚረሳው ትልቁ ነገር የከተማዋ አቀማመጥ ነው። አዲስ አበባ የምትገባባቸው ዋና መንገዶች ጥቂት ናቸው፣ እያንዳንዱ የዳር ከተማ ከአንዱ ጋር የታሰረ ነው። ሰበታ ከዓለም ገና በካራቆሬና በአየር ጤና አድርጎ ጦር ኃይሎችና ሜክሲኮ ያወጣል። ቡራዩ በአስኮና በዊንጌት ወደ መርካቶ ነው። ሱሉልታ የእንጦጦን ተራራ ተሻግሮ አዲሱ ገበያ ይወርዳል። ለገጣፎና ሰንዳፋ በካራና በኮተቤ መገናኛ ያመጣሉ። ገላን፣ ዱከምና ቢሾፍቱ በአቃቂ ቃሊቲ በኩል ናቸው፣ በፈጣን መንገዱ ለሚመጣ ደግሞ በቱሉ ዲምቱ። እንግዲህ ሥራው ቦሌ የሆነ ሰው ኪራይ ረከሰልኝ ብሎ ቡራዩ ቢገባ በየቀኑ ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር ሊያቋርጣት ነው። በኪሎ ሜትር ሲታይ ለቦሌ ቡራዩ ከቢሾፍቱ ይልቅ በጣም ይቀርባል። ግን መርካቶና ፒያሳ መሐል ላይ አሉ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ደግሞ በዚያ በኩል ማለፍ ምን እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል።

ደላላ ይህን አይነግራችሁም። "ከዚህ ሜክሲኮ ሃያ ደቂቃ ነው" ይላል። እውነቱን ነው፣ እሁድ ከሰዓት። ቤት የሚታየውም አብዛኛውን ጊዜ እሁድ ነው፣ ሰው የሚያርፈው ያኔ ስለሆነ። እኔ የምለው ቤቱን እሁድ እዩት፣ ወደዳችሁትም እንበል፣ ግን ብር ከማውጣታችሁ በፊት ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እዚያው ሰፈር ታክሲ መያዣው ጋ ሂዱና ቁሙ። ሰልፉ የት ድረስ እንደሚሄድ እዩ። ሃይገር ስንት ደቂቃ ቆይቶ እንደሚመጣ፣ ሲመጣ ስንት ሰው እንደሚያነሳ እዩ። ከዚያ ተሳፍራችሁ ሥራ ቦታችሁ ድረስ ሂዱ። ማታውንም ድገሙት፣ ምክንያቱም የማታው ከጠዋቱ ይብሳል።

ማታ መገናኛ ለለገጣፎ የሚሰለፍ ሰው ያየውን ልንገራችሁ። ሚኒባሱ ይመጣል፣ ወያላው ገና በሩን ሳይከፍት "እስከ ካራ ብቻ" ይላል። ታሪፉ እስከ መጨረሻው ነው፣ መንገዱም ያው ነው፣ ግን ይቆራርጡታል። ካራ ላይ ወርዳችሁ እንደገና ሌላ ሰልፍ፣ እንደገና ሌላ ሂሳብ። ዝናብ ከሆነ ደግሞ ሰልፉ ይፈርስና ጉልበት ያለው ይገባል፣ ነፍሰ ጡርና ልጅ የያዘች እናት ዳር ቆመው ያያሉ። ይህ የአንድ ሰፈር ችግር አይደለም፣ አየር ጤናም ዊንጌትም ያው ነው። ተቆጣጣሪ በቆመበት ቀን መኪናው እስከ መጨረሻው ሲሄድ ስታዩ፣ ማስተካከል የሚቻል ነገር መሆኑ ይገባችሁና የበለጠ ትበሳጫላችሁ።

ሱሉልታን ብዙ ሰው ያደንቃል። አየሩ ንጹህ ነው፣ ሜዳው ሰፊ ነው፣ ከፒያሳ ያለው ርቀትም ሃያ ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ግን ክረምት ጠዋት ጭጋጉ እንጦጦ ላይ ሲተኛ የመኪናው መብራት ራሱ ሩቅ አያሳይም፣ ከጎጃም እህል ጭኖ የሚመጣው ከባድ መኪና በመጀመሪያ ማርሽ ሲወርድ ኋላው ያለው ሁሉ በእሱ ፍጥነት ይከተላል። አንድ መኪና መንገድ ላይ ከቆመ ያ ቀን አለቀ። መንገዱ አንድ ነውና ሌላ መውጫ ፍለጋ የለም። አንድ መንገድ ብቻ ያለው ቦታ ስትመርጡ የዚያን መንገድ ዕጣ አብራችሁ ትከራያላችሁ። ለገጣፎ ከዚህ ይሻላል የምለው በኮተቤም በየካ አባዶና በአያት በኩልም መውጫ ስላለው ነው።

ስለ ውሃ ካላወራሁ ጽሑፉ ጎደሎ ይሆናል። የለገዳዲ ግድብ ያለው ለገጣፎ አጠገብ ነው፣ ገፈርሳ ያለው ቡራዩ በኩል ነው፣ ሱሉልታ ደግሞ የታሸገ ውሃ ፋብሪካዎች ያሉበት አካባቢ ነው። ከተማዋን የሚያጠጣው ውሃ ከዚህ እየወጣ የነዚሁ አካባቢዎች ነዋሪ ቢጫ ጄሪካን ይዞ ሲንከራተት ማየት በጣም ያሳዝናል። ተከራይ ስትሆኑ ቧንቧ አለ የሚለው መልስ አይበቃችሁም። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ሮቶ አለ ወይ፣ ስንት ሊትር ይይዛል፣ ግቢው ውስጥ ስንት ተከራይ ይጋራዋል? ሲያልቅ በቦቴ የሚሞላው በማን ወጪ ነው? የመብራት ቆጣሪው የጋራ ነው የግል? እነዚህን አከራዩን ሳይሆን እዚያው ግቢ የሚኖረውን ተከራይ ጠይቁ። እሱ የሚደብቀው ነገር የለውም።

አሁን ደግሞ ለመግዛት የሚወጡት። እዚህ ላይ በጣም እጨነቃለሁ፣ ምክንያቱም በኪራይ የተሳሳተ ሰው ዕቃውን ጭኖ ይመለሳል፣ በግዢ የተሳሳተ ግን የዕድሜ ልክ ቁጠባውን ነው የሚያጣው። በ2011 የካቲት ለገጣፎ ላይ ሕገ ወጥ ናቸው ተብለው ቤቶች ሲፈርሱ አይተናል። በ2015 ሸገር ከተማ ከተመሠረተ በኋላም በስፋት ፈርሷል፣ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም ስለ አፈራረሱ ሪፖርት አውጥቷል። ከነዚያ ቤቶች ውስጥ ሰዎች ዓመታት የኖሩባቸው፣ መብራት ገብቶላቸው የነበሩ አሉ። ስለዚህ "መብራት ገብቷል፣ ጎረቤቱም ሠርቷል" የሚለው የደላላ ወሬ ዋስትና አይሆንም። ካርታ ከሌለው ቤት፣ በገበሬ ይዞታ ላይ በመንደር ውል ከተሸጠ ቦታ ራቁ። ካርታ አለ ከተባለም ወረቀቱን አይታችሁ አትመለሱ፣ የከተማው መሬት አስተዳደር ቢሮ ሄዳችሁ ከፋይሉ ጋር አመሳክሩ፣ እገዳ እንዳለበትም ጠይቁ። ሻጩ በዚህ ከተቆጣ ተዉት።

የአስተዳደሩ ነገርም አለ። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎና ገላን አሁን በሸገር ከተማ ሥር ናቸው፣ በኦሮሚያ ክልል። መንገዱ ላይ ድንበሩ አይታይም፣ ጉዳይ ሲኖራችሁ ግን ይታያል። የአዲስ አበባ መታወቂያችሁን ስትመልሱ በከተማው ነዋሪነት የሚገኙ ነገሮችን አብራችሁ ትመልሳላችሁ። በ2005 የተመዘገቡና እስካሁን የጋራ መኖሪያ ቤት ዕጣ እየጠበቁ የሚቆጥቡ ሰዎች መልቀቂያ ከማውጣታቸው በፊት ይህን ጠይቀው ይወቁ። የቢሮው ሥራ በአፋን ኦሮሞ ነው፣ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችም በብዛት እንዲሁ። ልጅ ካላችሁ የሰፈሩን ትምህርት ቤት ከቤቱ በፊት እዩ፣ በየትኛው ቋንቋ እንደሚያስተምርና ስንት ሰው ክፍል ውስጥ እንዳለ ጠይቁ። እኔ እዚያ የሚኖር ቤተሰብ ቋንቋውን ቢማር ደስ ይለኛል። ልጆች በአንድ ዓመት ይይዙታል፣ ወላጅም ከጎረቤት ጋር ቡና እየጠጣ ይለምደዋል፣ ዕድርም ሲገባ እንግዳ አይሆንም። ግን ትልቅ ክፍል የደረሰን ልጅ በዓመት መካከል ነቅሎ ማምጣት በደል ነው። ክረምቱን ጠብቁ።

ኪራዩን በቃል ብቻ አትዋዋሉ። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። የምትገቡበት ከተማ ይህን ሥራ ላይ ማዋል አለማዋሉን ጠይቃችሁ፣ ቢያንስ ዋጋውና የቆይታ ጊዜው በወረቀት ይስፈር። ዳር ድረስ ሄዶ በስድስት ወሩ ኪራይ የተጨመረበት ሰው ከዚያ ወዲያ የሚሄድበት የለውም።

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ ሸክሙን ተከራዩ ላይ የሚጥል ነው፣ ይህም ልክ አይደለም። ይህች ከተማ በ2008 34 ኪሎ ሜትር ያህል ቀላል ባቡር ከፍታለች፣ ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ። መስመሩ የሚያልቅባቸው ቦታዎች የዳር ከተሞች ሰው የሚገባባቸው በሮች ናቸው። ብዙዎቹ ባቡሮች በመለዋወጫና በጥገና እጥረት ቆመው ሕዝቡ ሐዲዱ ሥር ተሰልፎ ሚኒባስ ይጠብቃል። ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ትልቁ ባቡርም ከለቡ ተነስቶ በእንዶዴ፣ በቢሾፍቱና በሞጆ አዳማ ይደርሳል። ሐዲዱ ተዘርግቷል፣ ጣቢያው ተሠርቷል፣ ኤሌክትሪኩ አለ። ዋና ሥራው ግን የወደብ ዕቃ ማመላለስ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ከቢሾፍቱ ተነስቶ ለቡ የሚያደርስ፣ ማታ 11 ሰዓት ተኩል የሚመልስ የሠራተኛ ባቡር በየቀኑ ቢኖርና ለቡ ላይ አውቶቡስ ቆሞ ቢጠብቅ ስንት ቤተሰብ ይተነፍስ ነበር። የከተማው አስተዳደርና የክልሉ አስተዳደር ቁጭ ብለው አውቶቡሶቹ ድንበር ሳያቆማቸው እስከ ሰፈር የሚዘልቁበትን ስምምነት ቢያደርጉ ከማንኛውም አዲስ አደባባይ ይጠቅመናል። ሰውን ወደ ዳር የሚያወጣ ውሳኔ ሲወሰን የሚመልሰው መጓጓዣ አብሮ መታቀድ አለበት።

እስከዚያው የት ልግባ ለሚለኝ ሰው የምመልሰው እንዲህ ነው። ሥራችሁ መገናኛ፣ ሲኤምሲ ወይም ቦሌ ከሆነ ለገጣፎ፣ ሰንዳፋ ግን ሩቅ ነው። ሜክሲኮና ሳር ቤት የምትውሉ ከሆነ ዓለም ገና ድረስ፣ ከዚያ ወዲያ ሰርቪስ ላለው ብቻ። መርካቶ የምትነግዱ ቡራዩን እዩ። ቃሊቲና ገላን ፋብሪካ የምትሠሩ ደግሞ ዱከም ይሻላችኋል፣ ጠዋት እናንተ ወደ ከተማው ስትሄዱ እንኳ መሐል ሳትገቡ ትደርሳላችሁ። ቢሾፍቱ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ብቻ ቢሮ ለሚገባ ሰው ጥሩ ነው፣ ግን የአቡሴራው አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ፕሮጀክት ዋጋውን እያሞቀው ስለሆነ የምትቸኩሉበት ምክንያት ካለ እዚያ ነው። ባል አስኮ ሚስት ገርጂ የምትሠሩ ከሆነ ግን አትውጡ። አንድ ክፍል ቀንሳችሁ፣ ከሁለታችሁ ሥራ መሐል ላይ፣ ከተማው ውስጥ ቆዩ።