ካታሎጉ «አለ» ይላል፣ መደርደሪያው ላይ የለም

ኧረ የዩኒቨርሲቲ ላይብረሪዎች፣ ስለ ፈጣሪ! ኮምፒውተሩ ላይ መጽሐፉ «አለ» ይላል። ደረጃውን ወጥቶ፣ ቁጥሩን ይዞ ሄዶ ሲያዩት የለም። ተመልሶ ሲጠየቅ ደግሞ መልሱ አንድ ነው፦ «ሲስተሙ አለ ይላል፣ ደህና አድርገህ ፈልግ።»

ሲስተሙ እኮ ዓይን የለውም! የሚያውቀው መጽሐፉ በባርኮዱ ለሰው በውሰት መውጣት አለመውጣቱን ነው። ካልወጣ «አለ»። ጠረጴዛ ላይ ተጥሎ ይሁን፣ ጋሪ ላይ ተከምሮ ተራውን እየጠበቀ ይሁን፣ ከተሰረቀ ዓመት ይለፈው፣ ማንም ካልነገረው በስተቀር አሁንም «አለ» ነው።

ሌባው ላይ ብቻ አታሳብቡ። ብዙው የጠፋ መጽሐፍ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ነው፤ የተሳሳተ ቦታ ተሰክቶ። መጻሕፍትን በርዕሰ ጉዳይ ቁጥር በሚደረድረው በዲዊ አመዳደብ፣ ከነጥቡ በኋላ ያለው አስርዮሽ ስለሆነ አሃዝ በአሃዝ ነው የሚነበበው። ስለዚህ 658.15 ከ658.4 ይቀድማል። «15 ከ4 ይበልጣል» ያለ ሰው የፋይናንስ መጽሐፉን ወስዶ ከማርኬቲንጉ፣ ከ658.8 ኋላ ይቀብረዋል። ፊደልና ቁጥር በሚያቀላቅለው በኮንግረስ ላይብረሪ አመዳደብማ ይብሳል፦ ከፊደሎቹ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ሙሉ ቁጥር ነው፣ 76 ከ276 ይቀድማል፤ ከነጥቡ በኋላ የሚመጣው የደራሲ ምልክት ግን አስርዮሽ ነው፣ ኤ45 ከኤ5 ይቀድማል። አንድ መጽሐፍ ጀርባ ላይ ሁለት ሕግ! ይህን ሳያሠለጥኑ ጊዜያዊ ሠራተኛ ጋሪ አስይዞ መላክ ምን የሚሉት አሠራር ነው?

ደግሞ አንባቢዎች፣ እባካችሁ ያነበባችሁትን ራሳችሁ ወደ መደርደሪያው አትመልሱ። ጠረጴዛው ላይ ተዉት። ፈተና ሲደርስ የማጣቀሻውን መጽሐፍ ከሌላ ረድፍ ኋላ የምትደብቁትንማ ምን ልበላችሁ!

እስከዚያው የሚፈልግ ሰው ከቦታው ግራና ቀኝ አሥር አሥር መጽሐፍ ይይ፤ ከረድፉ ኋላ እጁን ይስደድ፤ ከላይና ከታች ያለውን መደርደሪያ ይቃኝ፤ ከነጥቡ በኋላ ያለውን ቁጥር እንደ ሙሉ ቁጥር ቢያነቡት የት ይደርስ እንደነበር ያስብና እዚያ ይሂድ። ቀጥሎ የተመላሽ ጋሪውንና የአጭር ውሰት ክፍሉን ይጠይቅ። ላይብረሪው ከፈቀደ ደግሞ ይያዝልኝ ብሎ ይመዝገብ፤ ያኔ ፍለጋው የሠራተኛው ሥራ ይሆናል።

መፍትሔው ገንዘብ አይፈልግም። በነፃ የሚገኘው የላይብረሪ ሶፍትዌር ኮሃ እንኳ የቆጠራ መሣሪያ አለው፦ በመደርደሪያው ቅደም ተከተል ባርኮዶቹን አንብቦ ፋይሉን መጫን ነው፤ የጎደለውን ለይቶ ይሰጣል። ሁሉንም በአንዴ መቁጠር ካልተቻለ ተማሪ ከሚሻማባቸው ክፍሎች ይጀመር። ተፈልጎ የታጣውን «ጠፍቷል» ብሎ መመዝገብ ደግሞ የደቂቃ ሥራ ነው። ያ ካልተደረገ የግዢ ክፍሉም ያንኑ ካታሎግ ከፍቶ «ኮፒ አለን» ይልና ምትክ አይገዛም።