ውሳኔ በነርቭ ሴሎች ውስጥ ተገኝቷል?

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ፦ «የአንጎል የነርቭ መረቦች እንዴት እንደሚሠሩ ማወቅ፣ አንድ ፍጡር ይህን ትቶ ያንን ለምን መረጠ ለሚለው ጥያቄ በቂ መልስ ነው።» ሐሳቡን የሚደግፉት የነርቭ ሐኪም፣ የሚቃወሙት ደግሞ የሥነ ልቦና መምህርት ናቸው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሐኪሙ

በ1983 የጀርመን ተመራማሪዎች ስለ አንዲት ሴት ታካሚ ጻፉ። በአንጎሏ የኋለኛ ክፍል በግራም በቀኝም ጉዳት የደረሰባት ይህች ሴት ቀለም ትለያለች፣ ቅርጽም ታውቃለች፤ የጠፋባት የነገሮች እንቅስቃሴ ነበር። ሻይ ወይም ቡና ስትቀዳ የሚወርደው ፈሳሽ እንደ በረዶ ረግቶ የቆመ ይመስላት ስለነበር ሲኒው መቼ እንደሚሞላ ማወቅ ተሳናት። መንገድ ልትሻገር ስትል ሩቅ ያየችው መኪና በድንገት አጠገቧ ይገኛል። ቡና ቀድቶ የሚያውቅ አንባቢ ምን እንደጎደለባት ይገባዋል፦ ከጀበናው አፍ የሚወርደው ቀጭን መስመር፣ በሲኒው ውስጥ ከፍ እያለ የሚመጣው ጥቁር ገጽ፣ ሊሞላ ሲል እጃችን ሳናስበው ጀበናውን ቀና የሚያደርግበት ቅጽበት። እኛ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለምናየው ተሠርቶ የሚቀርብልን ነገር አይመስለንም፤ የእርሷ ጉዳት ግን እንቅስቃሴን ማየት የራሱ የነርቭ መረብ ያለው ሥራ መሆኑን ገለጠ።

በጦጣ አንጎል ውስጥ ይህ ሥራ በዋናነት የሚከናወነው ኤም ቲ በሚባል ስፍራ ነው። እዚያ ያለው ከሞላ ጎደል እያንዳንዱ ሴል የሚመርጠው አቅጣጫ አለው፤ አንዱ የታየው ነገር ወደ ላይ ሲሄድ የኤሌክትሪክ ምቱን ያዘንባል፣ ሌላው ወደ ታች ሲሄድ፤ አንድ ዓይነት አቅጣጫ የሚመርጡት ሴሎችም በአንድ ዓምድ ተሰብስበው ይገኛሉ። ዊልያም ኒውሰምና ባልደረቦቹ በ1990 ያሳተሙትን ሙከራ፣ በተማሪነቴ ካነበብሁበት ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ ሊወጣ ስላልቻለ፣ ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ። ጦጣዋ በስክሪን ላይ የሚርመሰመሱ ነጥቦችን ታያለች። አብዛኞቹ ወዲያና ወዲህ ይበተናሉ፤ ጥቂቶቹ ብቻ በአንድነት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይሄዳሉ። ወዴት እንደሄዱ በዓይኗ ታመለክታለች፤ ልክ ስትሆን የፈሳሽ ጠብታ ታገኛለች። አሁን ነጥቦቹን እያየች ሳለ፣ ወደ ላይ የሚሄድን ነገር በሚመርጡት ሴሎች ዓምድ ውስጥ በቀጭን ኤሌክትሮድ አማካይነት 10 ማይክሮአምፔር ብቻ የሆነ የኤሌክትሪክ ፍሰት ተላከ። የጦጣዋ መልሶች ወደ ላይ አጋደሉ። በስክሪኑ ላይ የተለወጠ ነገር የለም፤ የተለወጠው በአንድ ዓምድ ሴሎች ውስጥ ያለፈው ፍሰት ነው፤ ምርጫውም አብሮ ተለወጠ።

ከኤም ቲ የሚነሣው መልእክት በጎንዮሽ የአንጎል ቅርፊት ውስጥ ወዳለውና ኤል አይ ፒ ወደሚባለው ስፍራ ይደርሳል። ጄሚ ሮይትማንና ማይክል ሻድለን በ2002 እንዳሳዩት፣ የዚህ ስፍራ ሴሎች ምት ነጥቦቹ በግልጽ ሲሄዱ ፈጥኖ፣ ሲደበዝዙ ደግሞ ቀስ ብሎ ይጨምራል፤ በሁለቱም ጊዜ ወደ አንድ ከፍታ ሲደርስ ዓይን ወደ መረጠው ይዞራል። እህል በእፍኝ እየተጨመረበት ሄዶ በመጨረሻ እንደሚዘቀዝቅ ሚዛን ነው። እንግዲህ የማየቱን መነሻ፣ የማመዛዘኑን ሂደትና የእንቅስቃሴውን ትእዛዝ ከሴል ወደ ሴል ተከትለን ደርሰንበታል፤ ከዚህ ውጭ «ምርጫ» የሚባል ሌላ ነገር ካለ የት እንዳለ ተቃዋሚዬ ያሳዩኝ።

መምህርቱ

ዶክተር ስለ ማየት ያሉትን ያለ ማመንታት እቀበላለሁ። የኤም ቲ ሙከራ ጠንካራ የሆነው ሴሎቹን በመነካካት የታየውን ነገር መለወጥ ስለቻለ ነው፤ መንስኤ የሚታወቀው እንዲህ ነው። ጥያቄዬ የሚጀምረው እርስዎ ከኤም ቲ ወደ ኤል አይ ፒ በተሻገሩበት ቦታ ነው፤ ምክንያቱም በዚያ መሻገሪያ ላይ የማስረጃዎ ዓይነት ተለውጧል። በኤም ቲ ሴሎቹን ነክተው ውጤቱን አዩ፤ በኤል አይ ፒ ግን የሴሎቹ ምት ከውሳኔው ጋር እኩል ሲጨምር ተመለከቱ እንጂ በዚያው ጥንካሬ አልነኩም።

የነኩት ሰዎች ምን አገኙ? በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በኦስቲን የሚገኙ ተመራማሪዎች በ2016 ባሳተሙት ጥናት፣ የነርቭ ሴሎችን ለጊዜው ጸጥ የሚያሰኘውን ሙሲሞል የተባለ ንጥረ ነገር መጀመሪያ በኤም ቲ ውስጥ ጨመሩ። ጦጦቹ የነጥቦቹን አቅጣጫ መለየት እጅግ ተሳናቸው። ከዚያ ያንኑ በኤል አይ ፒ ውስጥ አደረጉት፤ ምርጫቸው ያን ያህል የሚታይ ጉዳት አልደረሰበትም። ሚዛኑ ተወስዶ እህሉ እንደ ቀድሞው ተመዘነ ማለት ነው።

ችሎት የተከታተለ ሰው ይህ አይደንቀውም። የችሎቱ ጸሐፊ የምስክሮችን ቃል አንድ በአንድ ይመዘግባል፤ ማስረጃው በበዛ ቁጥር መዝገቡ ይወፍራል፣ ፍርድ በተሰጠ ዕለትም ይዘጋል። ከመዝገቡ በቀር ምንም ያላየ ሰው ጸሐፊው ፈረደ ቢል አይፈረድበትም፤ መዝገቡ ከፍርዱ ጋር እኩል ሄዷልና። ነገር ግን ጸሐፊው በታመመበት ቀንም ዳኛው ፈርዷል። ከአንድ ነገር ጋር እኩል መሄድ አንድ ነገር ነው፣ ያንን ነገር ማድረግ ሌላ ነው፤ የነርቭ ሳይንስ ለብዙ ዓመታት ሁለቱን ሳይለይ ስለ «ውሳኔ ሴሎች» መናገሩ ከልብ ያሳስበኛል፣ ተማሪዎቼ ይህንኑ እንደ ተጠናቀቀ እውቀት ይዘው ስለሚመጡ።

ሌላም አለ። ኤሪክ ጆናስና ኮንራድ ኮርዲንግ በ2017 የነርቭ ሳይንስን የምርመራ ዘዴዎች በአንድ አሮጌ የኮምፒውተር ቺፕ ላይ ሞከሩ። ከ3,000 የሚበልጡ ትራንዚስተሮች፣ ማለትም ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያዎች፣ ያሉትና እያንዳንዱ ሽቦው የሚታወቅ ቺፕ ነው፤ ሥራው ሦስት የቆዩ የቪዲዮ ጨዋታዎችን ማጫወት ነበር። ትራንዚስተሮቹን አንድ በአንድ ሲያጠፉ፣ መጥፋታቸው አንደኛውን ጨዋታ ብቻ የሚያስቆም ትራንዚስተሮች አገኙ። ታዲያ «የዚህ ጨዋታ ትራንዚስተር ተገኘ» እንበል? ቺፑ ስለ ጨዋታ የሚያውቀው የለም፤ ትራንዚስተሩ የሚሠራው ተራ ስሌት ነው። ሽቦው ሁሉ በእጃቸው እያለ ማሽኑ ምን እየሠራ እንደሆነ ከዘዴው አልወጣላቸውም። የሰው አንጎል ደግሞ 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሴሎች አሉት።

በመጨረሻም የዶክተርን ጦጣ እንመልከት። ያቺ ጦጣ ስክሪን ፊት የተቀመጠችው፣ ነጥብ ለመለየት ለወራት የተለማመደችው፣ «ላይ ወይስ ታች» የሚለው ጥያቄ የቀረበላት በሌላ ሰው ምርጫ ነው። ለእርሷ የተተወላት ከተፈጸመ ምርጫ የተረፈው ጫፍ ነው። ከዚህ ጫፍ ተነሥቶ አንድ ሰው ሥራውን ለምን እንደለቀቀ ወይም ለምን እንደታረቀ አስረድቻለሁ ማለት፣ ድልድይ ሳይሠሩ ወንዝ መሻገር ነው።

ሐኪሙ

መምህርት የ2016ቱን ጥናት በትክክል ገልጸውታል፤ ነገሩ ግን እዚያ አልቆመም። ሻድለንና ባልደረቦቹ በ2022 ያንኑ ስፍራ ጸጥ ካሰኙ በኋላ የጦጣዎቹን መልሶች ከሰዓት ሰዓት ሲከታተሉ፣ በመጀመሪያ ምርጫቸው በግልጽ አጋደለ፤ ከዚያ በዚያው ዕለት እየተቃና ሄደ። የሁሉንም መልሶች አማካይ ብቻ ያየ ሰው ምንም አልተነካም ይላል፣ ቅደም ተከተሉን ያየ ግን ጉዳቱንም ካሳውንም ያያል። በእርስዎው ምሳሌ ልመልስ፦ ኤል አይ ፒ ከሦስት ዳኞች አንዱ ነው እንጂ ጸሐፊ አይደለም። አንዱ ሲቀር ችሎቱ ለጥቂት ጊዜ ይወላገዳል፤ የቀሩት ይተካሉ። ምርጫ በብዙ ስፍራዎች መሰራጨቱን አምናለሁ፤ ነገር ግን የተሰራጨ መረብም መረብ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። በእኔ ወገን የሚቆሙ ብዙዎች የቤንጃሚን ሊበትን የ1983 ሙከራ ይጠቅሳሉ፤ አንጎል ሰው «አሁን ወሰንኩ» ከሚልበት ቅጽበት ቀድሞ መዘጋጀት ይጀምራል የሚለውን። እኔ አልጠቅሰውም። አሮን ሹርገርና ባልደረቦቹ በ2012 እንዳመለከቱት፣ ያ ቀድሞ የሚታየው ምልክት አንጎል ያለማቋረጥ ከሚያሰማው ጫጫታ ሊነሣ ይችላልና፣ ለክርክሬ የሚመች መስሎ ስለታየ ብቻ ደካማ ማስረጃ ማቅረብ አልፈልግም።

የማቀርበው ከራሴ ሥራ ነው። የፓርኪንሰን ሕመምተኛ ከክፍል ወደ ክፍል ሲሄድ የበሩ ደፍ ላይ ሲደርስ እግሩ ከወለሉ ጋር የተሰፋ ያህል ይቆማል። መሄድ ይፈልጋል፤ እግሩ እሺ አይለውም። ወለሉ ላይ በእርምጃ ልክ ነጭ ፕላስተር አጋድመን ስንለጥፍለት ግን መስመሮቹን አንድ በአንድ እየተሻገረ ያልፋል። ከውስጥ ተነሥቶ እግርን የሚያነሣሣው መንገድ፣ በነርቭ ሴሎች መካከል መልእክት የሚያደርሰውን ዶፓሚን የተባለ ንጥረ ነገር በማጣቱ ሲደክም፣ ዓይን ካየው ተነሥቶ የሚያነሣሣው መንገድ አሁንም ይሠራል። መምህርት «ድልድይ የለም» ሲሉ ይህ ፕላስተር ትዝ ይለኛል።

አሁን ወደ ትልቁ ምርጫ። በአውሮፓ በትምህርት ላይ ሳለሁ ያገኘሁት አንድ ጡረተኛ የሒሳብ ሠራተኛ የዶፓሚንን ሥራ የሚተካ መድኃኒት ይወስድ ነበር። መጠኑ ከተጨመረለት ወራት በኋላ ሚስቱ የባንክ ሒሳብ መግለጫ ይዛ መጣች፤ በየገጹ የቁማር ቤት ወጪ በቀይ እስክሪብቶ ተከብቧል። ሰውየው በሕይወቱ ቁማር ተጫውቶ አያውቅም። ሲጠየቅ «ማንም አላስገደደኝም፣ ደስ ስለሚለኝ ነው» አለ። መድኃኒቱ ሲቀነስ ፍላጎቱ ጠፋ። የዚህ መድኃኒት ወገን እንዲህ ያለ ችግር በአንዳንድ ታካሚዎች ላይ እንደሚያስከትል በሕክምናው ዓለም የታወቀ ነው። አሠራሩም ጨለማ አይደለም። ቮልፍራም ሹልትዝ በጦጣ አንጎል እንዳሳየው፣ የዶፓሚን ሴሎች ለሽልማት የሚሰጥ ያልተጠበቀ ጭማቂ ሲመጣ ምታቸውን ያበዛሉ፤ ጦጣዋ ከተማረች በኋላ ጭማቂውን ቀድሞ ለሚያበስረው ምልክት ይተኩሳሉ፣ ማለትም ምታቸውን ያበዛሉ፤ የተበሰረው ጭማቂ ሲቀር ደግሞ ዝም ይላሉ። ያ ዝምታ «ተሸነፍህ፣ ሁለተኛ አትድገመው» የሚል ትምህርት ነው። መድኃኒቱ ዶፓሚን የሚሠራበትን ስፍራ ሌት ተቀን ስለሚያነቃቃ ዝምታው አይሰማም፤ ስለዚህ መሸነፍ አያስተምርም። ብዙዎቻችን የምንቀበለው ማብራሪያ ይህ ነው። እነሆ ላይና ታች ሳይሆን፣ የአንድ ሰው ገንዘብ፣ ትዳርና ስም ያለበት ምርጫ፣ ከመረቡ ተነሥቶ ተብራራ።

መምህርቱ

የ2022ቱን ጥናት እቀበላለሁ፤ ጸሐፊ ያልሁትን ከዳኞቹ አንዱ ሊሆን እንደሚችል እቆጥረዋለሁ። የበሩ ደፍም ስለ እንቅስቃሴ ከሰማሁት ሁሉ የሚደነቅ ነው። የምቆመው የሒሳብ ሠራተኛው ላይ ነው።

ዶክተር፣ ያ ሰው ቁማር የተጫወተው ምርጫው ሳይሆን የመድኃኒቱ ሥራ መሆኑን እርስዎም ሚስቱም አወቃችሁ። በምን አወቃችሁ? በመረቡ አይደለም፤ መድኃኒቱ ከመጨመሩ በፊትም በኋላም የመረጠው ያው መረብ ነው፤ በሁለቱም ጊዜ ሴሎች ተኮሱ፣ ሚዛን ዘቀዘቀ፣ እጅ ተዘረጋ። በሰውየው ስሜትም አይደለም፤ እርሱ የራሴ ፍላጎት ነው ብሏችኋል። ስሜቱ እንደማይታመን ከእርስዎው ሳይንስ እናውቃለን። በሞንትሪያል ዋይልደር ፔንፊልድ በቀዶ ሕክምና ጊዜ የነቁ ታካሚዎችን የአንጎል ቅርፊት በኤሌክትሮድ ነክቶ እጃቸውን ሲያንቀሳቅስ «እኔ አላደረግሁትም፣ አንተ ነህ» ይሉት ነበር። ሚሼል ዴስሙርዤና ባልደረቦቹ ደግሞ በ2009 ባሳተሙት ጥናት ሌላ ስፍራ ሲነኩ ታካሚዎቹ እጃቸውን የማንቀሳቀስ ፍላጎት አደረባቸው፤ ፍሰቱ ሲበረታ ጡንቻቸው ሳይነቃነቅ «አንቀሳቀስሁ» አሉ። የሰዎቹ ፍላጎት ከኤሌክትሮድ ቢነሣም የራሳቸው መስሎ ተሰማቸው።

መረቡ የራስ የሆነውንም ያልሆነውንም ምርጫ እኩል የሚያፈልቅ ከሆነ፣ ሁለቱን የሚለየው ሌላ ቦታ መፈለግ አለበት። እናንተም ሌላ ቦታ ፈልጋችሁ አገኛችሁት፦ ሰውየው በዕድሜው ሁሉ በኖረበት አኗኗር፣ ለሚስቱ በገባው ቃል፣ ገንዘብን በሚመለከት ባሳለፈው የሙያ ዘመን። እርስዎ የዶፓሚንን ዝምታ የጠቀሱት ከዚያ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ስህተት መሆኑ የታወቀን ምርጫ እንዴት እንደተፈጠረ ለማስረዳት። እንዴት የሚለውን አሳምረው መልሰዋል። ለክርክር የቀረበልን ሐሳብ ግን ለምን የሚለውም በዚሁ ይመለሳል ይላል። መድኃኒቱ እንዲቀነስ በወሰኑበት ጠዋት ከፊትዎ የነበረው የአንድም ሴል ምት አልነበረም፤ አንዲት ሚስት በቀይ እስክሪብቶ የከበበቻቸው የባንክ ገጾች ነበሩ።