«ማሟሟቂያ» የተባለው መጽሐፍ

ባለፈው ሳምንት በአንዲት ወጣት ደራሲ የአጭር ልብወለድ መድበል ምረቃ ላይ ተገኝቼ ነበር። ሒስ እንዲያቀርብ የተጋበዘው ሰው መጽሐፉን ጥቂት ካመሰገነ በኋላ፣ «አጭር ልብወለድ ለረጅሙ ማሟሟቂያ ነው፤ የቅኔ ተማሪስ በጉባኤ ቃና ጀምሮ አይደል መወድስ የሚደርሰው?» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ግን እስከ ዛሬ አልበረደልኝም።

ይህን ምሳሌ ያመጣ ሰው የቅኔ ቤቱን ደጃፍ አይቶ የተመለሰ ነው። ተማሪ ሁለት ስንኝ ብቻ ባለው አጭር ቅኔ፣ በጉባኤ ቃና፣ መጀመሩ እውነት ነው። መምህሩስ? ባለ ስምንት ስንኙን መወድስ ስለ ቻለ ጉባኤ ቃናን እርግፍ አድርጎ ይተወዋል? በማሕሌት ላይ ባለ ሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃናም ባለ ስምንት ቤቱ መወድስም በየተራቸው ይዘረፋሉ፤ ትንሹን የልጆች ነው ብሎ የሚዘል ሊቅ አላየሁም። በስምንት ቤት ውስጥ አንድ የላላ ቃል መሸሸጊያ ያገኛል። በሁለት ቤት ውስጥ ወዴት ይገባል?

አጭሩ ለረጅሙ መሰላል ከሆነ፣ ደራሲው አዳም ረታ በ1997 ዓ.ም. ረጅሙን ልብወለድ «ግራጫ ቃጭሎች»ን ካሳተመ በኋላ ወደ አጭሩ ለምን ወረደ? የአጭር ልብወለድ መድበሎቹን፣ «አለንጋና ምስር»ንና «እቴሜቴ ሎሚ ሽታ»ን፣ ያመጣልን ከዚያ ወዲህ ነው። የወረደ የሚመስለው ለሐያሲው እንጂ ለአንባቢ አይደለም።

በዚያው ዕለት ሌላ ሰው ተነሥቶ አንባቢ ለብሩ የሚመጥን ገጽ ይፈልጋል ሲል ሰማሁ። ጤፍ ነው በኪሎ የሚገዛው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመው፣ በኋላ «ጦቢያ» የተባለው የመጀመሪያው የአማርኛ ልብወለድ መቶ ገጽ አይሞላም። «ልብ ወለድ» የሚለውን ስም ራሱን የሰጠን ያ ቀጭን መጽሐፍ ነው።

በዚህ ክረምት ሦስት አዳዲስ ረጃጅም ልብወለዶች አንብቤአለሁ፤ ሦስቱም ከአራት መቶ ገጽ በላይ። በአንደኛው ባለታሪኩ ለመወለድ ስልሳ ገጽ ፈጀበት። በሁለተኛው ሰዎቹ ቡና በጠጡ ቁጥር ስለ አገር ጉዳይ ይከራከራሉ፤ ስማቸው ቢሸፈን ግን የትኛው ማን እንደ ሆነ አይለይም። ሦስተኛው ያበሳጨኝ ከሁሉም በላይ ነው፤ ምክንያቱም ውስጡ ግሩም ምዕራፍ አለ። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ዓባይ በረሃ ላይ መኪናው ቆማበት ብቻውን ያድራል። አሥራ አምስት ገጽ ነው። ደራሲው እዚያ ላይ ብዕሩን ቢያኖር ኖሮ ለዓመታት የምናወሳው ታሪክ በእጃችን ነበረ። ነገር ግን ወፍራም መጽሐፍ ካልጻፍክ ደራሲ አይደለህም ተብሏልና ሹፌሩን ሚስት አጋባው፣ ሚስቱን ውጭ አገር ላካት፣ ወንድሙን ባለሀብት አደረገው። ያ ሌሊት እንደ ሦስተኛ ቡና ቀጠነ። ይህን ያደረገው የደራሲው ስንፍና አይደለም፤ በየምረቃው መድረክ የሚደገመው ይህ ንግግር ነው።

ርዝመት የሚገባው ታሪክ የለም አላልኩም። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» የአንድን ዘመን ኑሮ ተሸክሞ ስለሚጓዝ ገጹ አይበዛበትም። ስንቱ ነው እንደ እሱ የሚሸከም?

የወጣቷን መድበል በዚያው ሌሊት ጨረስኩት። ከውስጡ ስድስት ገጽ የማትሞላ ታሪክ አለች። ልጇ ከቤይሩት ብርድ ልብስ የላከችላት እናት ላስቲኩን ሳትቀድ፣ ጎረቤት ሲመጣ አልጋ ላይ ታኖረዋለች፤ ጎረቤት ሲሄድ መልሳ ቁም ሣጥን ውስጥ ትከተዋለች። በመጨረሻው አንቀጽ ላስቲኩ ተቀዷል፤ ብርድ ልብሱ ድንኳን ውስጥ መሬት ላይ ተነጥፎ እናትየዋ የማታውቃቸው ሰዎች ተቀምጠውበታል። ሞት የሚል ቃል የለም። ለቅሶ የሚል ቃል የለም። ወደዚያ አንቀጽ አራት ጊዜ ተመለስኩ። ማሟሟቂያ የተባለው እንግዲህ ይህ ነው።

ከሁሉ የከነከነኝ ግን ምረቃው ሲያበቃ የሆነው ነው። መጽሐፉን ላስፈርም ተሰልፌ ተራዬ ደረሰ። ልጅቱ ስሜን ጽፋ ቀና አለችና፣ ምንም ሳልጠይቃት፣ ይቅርታ እንደሚለምን ሰው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ የሚቀጥለው ረጅም ነው፤ ጀምሬዋለሁ» አለችኝ።