«ስምንት ተኩል» ያልኩት እኔ ነኝ

ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት ከቱሉ ዲምቱ ብዙም ሳይርቅ፣ ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ። እንጀራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ምሽት፣ ከምድር ቤት ያሉት እማማ ስልካቸውን ይዘው፣ በየደረጃው እያረፉ ወጡና በሬን አንኳኩ። ከሚታከሙበት ክሊኒክ የቀጠሮ መልእክት ደርሷቸዋል። «እስቲ ልጄ፣ መነጽሬ ተሰብሮ ነው፤ ለነገ ስንት ሰዓት ነው የሚለው?» አሉኝ። አየሁት፤ 08:30 ይላል። «ስምንት ተኩል ነው እማማ» አልኳቸው። መርቀውኝ ወረዱ።

በማግስቱ ምሳቸውን በልተው፣ በዝናብ ሁለት ታክሲ ይዘው ሄዱ። ሐኪሙ ጠዋት ሲያክም ቆይቶ ወጥቷል ተባሉ። በሁለት ታክሲ ተመለሱ።

መልእክቱን የሚልከውን ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ያስቀመጥኩትም እኔ፤ ከስልካቸው ላይ በሀበሻ ያነበብኩላቸውም እኔ። ኮምፒውተሬ ፊት ስቀመጥ 08:30 ማለት ከጠዋቱ ሁለት ተኩል እንደሆነ ለአፍታም አይጠፋኝም። ደጄ ላይ እማማ ቆመው ሲጠይቁኝ ግን ያነበብኩት ማንም የሰፈሬ ሰው እንደሚያነበው ነው። አንድ ራስ ላይ ሁለት ሰዓት ተሸክሜ ስኖር፣ የትኛውን መቼ እንደማነብ አስቤበት አላውቅም ነበር።

ይህን የማነሳው ስለ ኮድ ሥልጠና ብዙ የሚወራበት ጊዜ ስለሆነ ነው። በሐምሌ 2016 አምስት ሚሊዮን ኮደሮችን ለማፍራት የታቀደው መርሐ ግብር ይፋ ከሆነ ወዲህ፣ የሰፈራችን ልጆች ሳይቀሩ ኮርስ ጨርሰው ምስክር ወረቀታቸውን ፌስቡክ ላይ ይለጥፋሉ። ደስ ይለኛል፤ እኔ ስማር እንዲህ ያለ በነፃ የሚገኝ ነገር ብርቅ ነበር። ቅሬታዬ ሌላ ነው። ከኮርሱ የሚወጣው ልጅ ልክ እንደኔ ቀኑንም፣ ሰዓቱንም፣ ስሙንም ሌላ አገር በተሰፋ ልክ ቆርጦ ይወጣል፤ ሰው ልኩ አልሆን ሲለው ደግሞ ጥፋቱን ከሰውየው ይፈልጋል።

ጥቅምት 30 ቀን የተወለደን ሰው እናንሳ። ቅጹ ላይ 30/02 ብሎ ሲሞላ፣ ከውጭ ተወስዶ የተገጠመው የቀን ማጣሪያ «ትክክለኛ ቀን ያስገቡ» ይለዋል፤ ለማጣሪያው ሁለተኛው ወር ፌብሩዋሪ ነው፣ ፌብሩዋሪ ደግሞ 30 ቀን የለውም። ጳጉሜን የተወለደውማ 13ኛ ወር ብሎ ገና ሲጀምር ይባረራል። ሰዉም መስከረም 1 ብሎ ሞልቶ ይገላገላል። ከዚያ በኋላ ሪፖርቱን የሚያየው አለቃ፣ በመስከረም 1 የሚወለደው ሰው ለምን እንዲህ በዛ ብሎ ይደነቃል።

ሒሳቡ እኮ ከባድ ሆኖ አይደለም። ዓመተ ምሕረቱን ለአራት አካፍለህ ሦስት ከተረፈህ ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜን ስድስት ትሆናለች። 2015ን ሞክሩት። የአንድ መስመር ኮድ ነው። የአጽዋማትንና የበዓላትን ቀን የሚያሰሉት የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት፣ ዓመተ ዓለሙን፣ ማለትም ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የተቆጠረውን ዓመት፣ ለ19 ገድፈው የተረፈውን እየያዙ ለስሌቱ የሚሆኑትን አበቅቴና መጥቅዕ የተባሉ ቁጥሮች ሲያወጡ የኖሩት በዚሁ ተካፍሎ በሚተርፈው ሒሳብ ነው። እኔ ግን ይህን የትርፍ ሒሳብ መጀመሪያ የተማርኩት በእንግሊዝኛ፣ ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ነው። ይኼ አሁንም ያሳፍረኛል።

የእማማን መልእክት ለማስተካከል ስድስት ሰዓት መቀነስ ብቻ በቂ መስሎኝ ነበር። ለማንኛውም ብዬ ክሊኒኩ ሄጄ ካርድ ክፍል ግማሽ ቀን ተቀመጥኩ። ካርድ የምታወጣው ልጅ ከእኔ ፕሮግራም የታተመውን እያንዳንዱን የቀጠሮ ወረቀት ስታገኝ፣ 08:30ን በእስክሪብቶ ትሰርዝና ከጎኑ «ጠዋት 2:30» ብላ ትጽፋለች። ከጀመረች ወራት አልፏታል። ስልክ ላይ የሚሄደውን መልእክት ግን አታየውም፤ እማማ የተሸወዱት በዚያ ነው። «ለምን አልነገራችሁኝም?» ስላት፣ «ታውቀዋለህ ብለን ነዋ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ አሠራሬን ቀይሬአለሁ። አዲስ ሥራ ስይዝ መጀመሪያ እስክሪብቶው ያለበትን ጠረጴዛ እፈልጋለሁ፤ ማን ምን እየሰረዘ ምን እንደሚጽፍ ሳላይ ኮምፒውተሬን አልከፍትም። ሰፈራችን መብራት መጥፋቱም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ረድቶኛል። ድሮ እበሳጭ ነበር። አሁን ባትሪው እስኪያልቅ በየአሥር ደቂቃው የሠራሁትን አስቀምጣለሁ፣ ከዚያ ደብተር አውጥቼ ፕሮግራሙ ለሰው የሚለውን ነገር በአማርኛ እጽፋለሁ። በአማርኛ ሲጻፍ የሚያስቅ ከሆነ አንድ የተበላሸ ነገር አለ ማለት ነው። «ጊዜ ማባከን ነው» የሚሉኝ የሥራ ባልደረቦች አሉ። በዝናብ አራት ታክሲ ተሳፍረው አያውቁም እላቸዋለሁ።

ያልጨረስኩት የሌሊቱን ነው። ተረኛ ነርስ «ማክሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት» ብላ ስትጽፍ፣ ለኮምፒውተሩ ቀኑ ረቡዕ ሆኗል፤ ለእሷ ገና ማክሰኞ ነው። ቋንቋችን ለዚህ የሚሆን ቃል አለው፤ «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ» ሲባል ማንም አይምታታበትም። ለአጥቢያ የሚሆን ሳጥን ግን እስካሁን በየትኛውም ቅጽ ላይ አላየሁም። ሠርቼ ልሞክረው ነው፤ ነርሶቹ የሚሉትን እንሰማለን።

መልእክቱ አሁን «ሐሙስ ጠዋት 2:30» ይላል፣ የታተመው ወረቀትም እንዲሁ። ባለፈው ሳምንት ካርድ ክፍል ስገባ ግን ልጅቷ አሁንም በእስክሪብቶ ትጽፋለች። «ተስተካክሏል እኮ» አልኳት።

«ትናንት መብራት ጠፍቶ ማተሚያህ መች ሠራና» አለችኝ፣ ቀና ሳትል።