እርማት፦ ዋንጫው ለአንድ ምርጥ ፎቶ አይደለም
«የፊያፕን ቢየናሌ የሚበላው ምርጡን ፎቶ ያቀረበ አገር ነው» ያልከው ወንድሜ፣ ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል፤ ግን ልክ አይደለም። ፊያፕ እ.ኤ.አ. በ1950 የመጀመሪያ ጉባኤውን በስዊዘርላንዷ በርን ያካሄደ ዓለም አቀፍ የፎቶግራፍ ጥበብ ፌዴሬሽን ነው። ቢየናሌው ደግሞ ፊያፕ በየሁለት ዓመቱ የሚያካሂደው የፎቶ ውድድር ነው፤ እዚያ ላይ የሚወዳደሩት አገሮች ናቸው። ፎቶዎቹን የሚልከውም የየአገሩ ፌዴሬሽን እንጂ አንሺው ራሱ አይደለም። ዳኞቹ ለእያንዳንዱ ፎቶ ነጥብ ይሰጣሉ፣ ከዚያ ደግሞ የቡድኑን ሥራዎች አንድ ላይ ደርድረው አይተው፣ በሐሳብም በአሠራርም ምን ያህል እንደተዋሃዱ መዝነው ለዚያ ለብቻው ነጥብ ይጨምራሉ። ስለዚህ ከሌሎቹ ጋር የማይሄድ አንድ ድንቅ የአንበሳ ፎቶ ቡድኑን ሊጎዳው ይችላል። እኔ ይሄን ሕግ በጣም ነው የምወደው፤ የተለያዩ ሰዎች በአንድ ዓይን እንዲያዩ ያደርጋል። ለግለሰብ ሜዳሊያም አለ፣ የአገር ዋንጫው ግን ሌላ ነው።