እንኳን ተጨናነቁልን

ቅዳሜ ቀጠሮ ነበረኝ። ሊደርስ አሥር ደቂቃ ሲቀረው፣ ጫማዬን አድርጌ ቁልፌን ፍለጋ ቦርሳዬን ስበረብር ስልኬ ጮኸ። "ዛሬ ትንሽ ተጨናነቅኩ፣ ሌላ ቀን እናድርገው የኔ ቆንጆ።" ከጎኑ ቀይ ልብ አለ። አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ የተጨናነቁት ሰውዬ ስቶሪ ለጠፉ። ሙዚቃ፣ ሳቅ፣ ብርጭቆ፣ በምስሉ ጠርዝ ላይ ደግሞ የማላውቃት ሴት ክርን። ደስ የሚል ክርን ነው፣ አልዋሽም።

እናንተም ታውቋቸዋላችሁ፣ አታስመስሉ። ስልካችሁ ውስጥ ቢያንስ አንድ እንደሳቸው ያለ ባለ ብዙ ቀጠሮ ላጤ አለ። ሁሌም እየሮጡ ነው። ሁሌም "ይሄ ሳምንት ይለፍና" ላይ ናቸው። ሰው ያማቸዋል። እኔ ግን ዛሬ ላመሰግናቸው ነው የተነሳሁት። በአንቱታም ነው የምጠራቸው፤ በአንድ ቀን ይህን ሁሉ ልብ ሲያዳርስ የሚውል ሰው አንተ አይባልም።

ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ከአንዷ ጋር ገና እየተዋወቁ ነው። ከሌላዋ ጋር ነገሩን "እያዩት" ነው። ከሦስተኛዋ ጋር ተለያይተዋል፣ ግን አልተቆራረጡም። አራተኛዋ "እንደ እህቴ ናት" የተባለችው ናት፤ እህትነቷ ከመሸ በኋላ ያጠራጥራል። ለሁሉም በየማለዳው "እንዴት አደርሽ የኔ ቆንጆ" ይደርሳቸዋል። በስም አይጠሩም። ስም አደጋ አለው። "የኔ ቆንጆ" ግን ለማንም ቢላክ ልክ ነው። ሮቢን ደንባር የሚባሉ እንግሊዛዊ ምሁር፣ አንድ ሰው በወጉ ይዞት ሊቆይ የሚችለው ግንኙነት 150 ገደማ ነው፣ ከዚያ ውስጥ የልብ የሚባሉት ደግሞ 5 ያህል ናቸው ይላሉ። ይህን ማለት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። ምን ያድርጉ፣ የኛን ሰውዬ አልተዋወቋቸውም።

እርግጥ ጭንቅላት የራሱ ልክ አለው። ይህን ያወቅኩት በድመቷ ጉዳይ ነው።

ለሁለተኛ ጊዜ የተገናኘን ቀን ነው። ወንበር ስበው ተቀመጡ፣ ስልካቸውን በፊቱ ደፉት፣ ዓይን ዓይኔን አዩና "ድመትሽ ተሻላት?" አሉኝ። ድመት የለኝም። ኖራኝም አታውቅም። ድመት አጠገቤ ስትደርስ አስነጥሳለሁ። አጠያየቃቸው ግን አንጀት ይበላል፣ ማሳፈሩ ከበደኝና "ተሻላት" አልኩ። ነገሩ እዚያ ላይ መቆም ነበረበት። "መድኃኒቱን ዋጠችልሽ?" "በስንት መከራ።" "ስሟ ማን ነበር እሷ?" "ሚሚ" አልኩ፣ አፌ ላይ የመጣውን። ግንባራቸውን ቋጠሩ። "አይ፣ ሉሉ ነው ያልሽኝ።" በገዛ ድመቴ ስም እየዋሸሁ እጅ ከፍንጅ የተያዝኩ መሰለኝ። "ሉሉ ነች፣ ሚሚ በቁልምጫ ነው" ብዬ አመለጥኩ።

ከዚያ ወዲያ እኔን ለማግኘት ጊዜ ያጡት ሰውዬ ለሉሉ ጊዜ አላጡም። "ሉሉን ሳሚልኝ።" "ሉሉ ጥፍሯን ተቆረጠች?" አንድ ቀን ፎቶዋን ላኪልኝ አሉ። ኢንተርኔት ላይ ገብቼ ቆንጆ ግራጫ ድመት መርጬ ላክሁ። "ምነው ከሳች?" አሉኝ። ከዚያ ደግሞ አንድ ማክሰኞ፣ ሥራ ላይ ሆኜ፣ ረጅም መልዕክት መጣ። "ስለ ሉሉ በጣም አዝኛለሁ። ከእንደዚህ ዓይነት ፍቅር መለየት ከባድ ነው። አይዞሽ።" ከልቤ ደነገጥኩ። የማላውቃት ሴት ድመት ሞታ እኔ ተጽናናሁ ማለት ነው! ያቺ ምስኪን በሐዘኗ ቀን ምን እንደደረሳት እንጃ። እኔ በዚያ ሳምንት ፈተና ነበረብኝና፣ ምናልባት ለእሷ "ፈተናሽን በደንብ ሥሪ የኔ ቆንጆ" የሚል ሳይሄድላት አልቀረም። ድመቷን እዚህ ላይ ልተዋት ነበር፣ ግን አንድ ነገር ቀርቷል። በአሥራ አምስተኛው ቀን "ሉሉን ሳሚልኝ" የሚል መጣ። ከሞት አስነሷት። እንዲህ ያለ ሰው ይመሰገናል እንጂ ይታማል?

ዝም ሲሉ ደግሞ ዝምታቸው ያስደንቃል። ዋትሳፕ እ.ኤ.አ. በ2014 መልዕክት መነበቡን የሚያሳብቁትን ሁለት ሰማያዊ ምልክቶች ሲያመጣ ስንቱ ዋሾ ተጋለጠ! እርሳቸው ግን ማጥፋት እንደተቻለ አጠፉት። ያጠፋ ሰው የሌሎቹንም አያይም። ምናቸው ነው? የእርሳቸው መልዕክት እንደሚነበብ ያውቃሉ። የእኔን ደግሞ ሳይከፍቱ፣ ከላይ ብቅ ሲል ያነቡታል። ግን ስቶሪ ከለጠፍኩ ከሁሉም ሰው ቀድመው ያዩት እርሳቸው ናቸው። ኢንስታግራም ላይ ስቶሪ በ24 ሰዓት ይጠፋል፣ ማን እንዳየው ግን ለባለቤቱ ይናገራል። "ቅዳሜ እንገናኝ ወይስ አንገናኝም?" የሚለው ጥያቄዬ ሦስት ቀን ሙሉ መልስ አጥቶ፣ ምሳዬን የበላሁበት ስቶሪ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ታየ።

ከዚያ ይጠፋሉ። ድራሻቸው ይጠፋል። ወራት ካለፉ በኋላ ዓይናቸውን በጨው አጥበው ከች ይላሉ፣ "ምነው ጠፋሽ?" ብለው። እኔ! ከስልኬ ሳልንቀሳቀስ! ይባስ ብሎ ደግሞ ይቅርታ የምጠይቀው እኔው እሆናለሁ። "ትንሽ ሥራ በዝቶብኝ ነው" እላለሁ፣ አፌን ቆርጦ አይጥለውም።

ወንዶች ብቻ ናቸው ያለ የለም። ወንድሜ ከአንዲት የተከበሩ እመቤት "እደውልልሃለሁ" የሚል ቃል ተቀብሎ ይጠባበቃል። ስልኩን መታጠቢያ ቤት ድረስ ይዞት ይገባል።

አንዳንዱ ሰው ጥፋቱን የፍቅር ጓደኛ መፈለጊያ መተግበሪያዎቹ ያደርገዋል። ቲንደር እ.ኤ.አ. በ2012 ከመጣ ወዲህ ፍቅር በአውራ ጣት ሆነ ይላሉ። እኔ ግን ለመተግበሪያው አዝንለታለሁ። እዚያ ቢያንስ ነገሩ ግልጽ ነው፤ የፈለግከውን ወደ ቀኝ፣ ያልፈለግከውን ወደ ግራ ትገፋለህ፣ ሁለታችሁም ወደ ቀኝ ካልገፋችሁ መጻጻፍ የለም። የኛ ሰውዬ በአውራ ጣታቸው በሰከንድ ውስጥ እምቢ ይላሉ። በአፋቸው ሲሆን ነው ያቺ ቃል የምትጠፋቸው። ሺና አየንጋርና ማርክ ሌፐር እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት አንድ ታዋቂ ጥናት አለ። መደብር ውስጥ 24 ዓይነት ማርማላታ ሲደረደር ለመቅመስ የሚቆመው ሰው በዛ፣ ከቆሙት የገዛው ግን 3 በመቶው ብቻ ነበር። 6 ዓይነት ሲሆን 30 በመቶው ገዛ። እርሳቸው 24ቱ መሃል ቆመዋል። ገዝተውም አይሄዱም፣ ቀምሰውም አይጠግቡም፣ የሁሉንም ክዳን ከፍተው ትተውታል።

እሺ፣ ቀልዱን ላቁመው። "አልፈልግም" አንድ መስመር ነው። ሲነበብ ያማል፣ ግን ሰው ቅዳሜውን ይዞ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። አንተ ግን እፈልጋለሁም አትልም፣ አልፈልግምም አትልም። ሰውን "ምናልባት" ላይ አስቀምጠህ ትሄዳለህ፣ ሌላዋ ከቀረች እንድትጠራው። እዚያ የተቀመጠው ሰው ጓደኞቹ ሲጠሩት "ቀጠሮ አለኝ" ብሏቸዋል፣ ልብሱን ተኩሷል፣ ጸጉሩን ታጥቧል፣ አንተ ከሌላ ሰው ጋር ስትስቅ እሱ "ምን አጥፍቼ ይሆን?" እያለ የድሮ መልዕክቶቹን መልሶ ያነባል። ይሄ መጨናነቅ አይደለም። ፈሪነት ነው። በሰው ጊዜ የሚጫወት ፈሪ ነህ!

ይቅርታ፣ ነዎት። ወደ ምስጋናችን እንመለስ።

ሰሞኑን እኚሁ ሰው ፕሮፋይላቸውን አድሰዋል። አንዲት ጓደኛዬ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ፎቷቸው ላይ መጽሐፍ ይዘዋል፤ መጽሐፉ መሃል አውራ ጣታቸውን አስገብተዋል፣ የት እንደደረሱ እንዳይጠፋባቸው። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ "ጨዋታ ሰልችቶኛል። ቁም ነገረኛ ብቻ። ቀጠሮ የማታከብሪ፣ መልስ የምታዘገዪ ከሆንሽ ጊዜዬን አታባክኚብኝ።" ይህንኑ ጽሑፍ ማታ ላይ ስቶሪያቸው ላይም ለጥፈውታል፣ ዝናብ ከሚታይበት መስኮት ጋር። ወዳጃቸው፣ ያውም እንደሳቸው ሥራ የበዛበት ሌላ ላጤ፣ እንዲህ ብሎ መለሰላቸው፣ እርሳቸውም መልሰው ለጠፉት፦ "እውነትህን ነው ወንድሜ፣ ሰው ጠፋ።"