መጽሐፉን የሚመርጠው ከፋዩ አይደለም

ሴሚስተር በተከፈተ ቁጥር ያው ነው። ኮርስ አውትላይን ይታደላል፤ ከስር «መማሪያ መጽሐፍ፣ አዲሱ እትም» ይላል፤ ተማሪው ዋጋውን ያይና ዝም ይላል። ከዚያ ግማሹ ክፍል ያለ መጽሐፍ ይማራል፤ የቀረው ገጹ የጎደለ፣ ቃል የማይፈለግበት ስካን ይቀባበላል። ሁለት ወር ሳይሞላ ደግሞ «የዘንድሮ ተማሪ አያነብም» የሚል ወቀሳ ይመጣል። ምኑን ያንብብ?

የሚያንገበግበው መጽሐፉን የሚመርጠውና የሚከፍለው ሰው የተለያዩ መሆናቸው ነው። መምህሩ የናሙና ቅጂውን ከአሳታሚው በነጻ ያገኛል። ዋጋውን ሳያውቅ ይመርጣል፤ ተማሪው ሳይመርጥ ይከፍላል።

«ነጻ መጽሐፍ ጥራት የለውም» የሚሉ አሉ። በሌላ ትምህርት እንጃ፣ በኮምፒውተር ሳይንስ ግን ይህ አያስኬድም። ፒተርሰንና ዴቪ የጻፉት የኔትዎርክ መጽሐፍ ለዓመታት በገንዘብ ሲሸጥ ኖሮ ዛሬ የተጻፈበት ምንጭ ፋይል ሳይቀር በጊትሀብ (የፕሮግራም ፋይሎች በሚጋሩበት ድረ ገጽ) ላይ ክፍት ነው። ሲሸጥ ጥሩ የነበረ መጽሐፍ ሲከፈት ተበላሸ ልትሉን ነው? ለኦፐሬቲንግ ሲስተም የአርፓቺ-ዱሶ ባልና ሚስት መጽሐፍ በየምዕራፉ በነጻ ይወርዳል፤ የፕሮሰስ ስኬጁሊንግንና የሜሞሪ አድራሻን የሚያለማምዱ፣ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፉ ሲሙሌተሮችም (ማስመሰያ ፕሮግራሞች) አሉት። ለአልጎሪዝም (ችግርን ደረጃ በደረጃ የመፍቻ ዘዴ) የጄፍ ኤሪክሰን የ2019 መጽሐፍ አለ። ደግሞስ የአዲስ እትም ጥድፊያው ለምንድነው? የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ዳይክስትራ አጭሩን መንገድ የሚፈልገውን አልጎሪዝም ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ብዙውን ጊዜ እትሙ ሲቀየር ለተማሪው የሚታየው ለውጥ መልመጃ 4.7 የነበረው 4.9 መሆኑ ነው፤ በቃ፣ የአምና መጽሐፍ ይዞ የቤት ሥራ መሥራት አይቻልም።

እውነተኛው ማሰሪያ ሌላ ቦታ ነው። አሳታሚው ከመጽሐፉ ጋር ስላይድ፣ የፈተና ጥያቄ ክምችትና አሳይመንት በራሱ የሚያርም ድረ ገጽ ይሰጣል። የድረ ገጹ መግቢያ ኮድ ለአንድ ሰው፣ ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ይሠራል። ስለዚህ ተማሪው ያገለገለ መጽሐፍ ቢገዛም ኮዱን በአዲስ ዋጋ መግዛቱ አይቀርም። የጥራት ክርክር ሲነሳ ከጀርባው ያለው ብዙ ጊዜ «ስላይዱን ማን ይሠራልኛል?» የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን በስሙ እንጥራው።

ወደ ነጻ መጽሐፍ የሚሄዱትም ቢሆኑ አንዳንዶቹ ሊንክ ለጥፈው ይቀመጣሉ። መጽሐፍ መቀየር ሊንክ መቀየር አይደለም። ሥራው ከመጽሐፉ ሳይሆን ከሳምንቶቹ ይጀምራል፤ የየሳምንቱን ርዕስ ጻፉ፣ ከጎኑ የመጽሐፉን ክፍል በቁጥር አስቀምጡ፣ ባዶ የቀረውን ሳምንት ፈልጉ። የፓት ሞሪንን «ኦፕን ዳታ ስትራክቸርስ» (ዳታ ስለሚደራጅባቸው መዋቅሮች የሚያስተምር ነጻ መጽሐፍ) እንውሰድ። ስኪፕ ሊስት አለው፣ ሬድ-ብላክ ዛፍ አለው፣ ቢ-ዛፍም አለው። ለኤቪኤል ዛፍ (ቅርንጫፎቹን በማዞር ሚዛኑን ለሚጠብቀው መዋቅር) ግን ራሱን የቻለ ምዕራፍ የለውም። ፈተናችሁ ኤቪኤል የሚጠይቅ ከሆነ አራቱን የማዞር ሁኔታዎች (ግራ-ግራ፣ ግራ-ቀኝ፣ ቀኝ-ቀኝ፣ ቀኝ-ግራ) በሥዕል የሚያሳዩ ጥቂት ገጾች ራሳችሁ ጻፉ። ፈቃዱ መጨመርን ይፈቅዳል። ስኪፕ ሊስቱ ደግሞ በፕሮባቢሊቲ ላይ የቆመ ስለሆነ ፕሮባቢሊቲ ላልወሰደ ክፍል በተራው አይሰጥም፤ ወደ መጨረሻ ይገፋ ወይም ይለፍ።

ፈቃድ ስል፣ «ነጻ» ማለት ሁሉ «እንደፈለግህ አድርገው» ማለት አይደለም። በነጻ የሚነበብ ሆኖ መብቱ ሙሉ በሙሉ የተጠበቀ መጽሐፍ አለ፤ እሱን ሊንኩን መስጠት እንጂ ቆርጦ ማባዛት አይቻልም። ክሪዬቲቭ ኮመንስ በሚባሉት ዝግጁ የክፍት ፈቃድ ዓይነቶች ውስጥም «ባይ» ብቻ ያለው ስም ከጠቀሳችሁ ይበቃዋል፤ «ኤንዲ» (ለውጥ የማይፈቅድ) ያለበትን አሳጥራችሁም ተርጉማችሁም ማሰራጨት አትችሉም። «ባይ-ኤስኤ» እና «ባይ-ኤንሲ-ኤስኤ» («ኤስኤ» በተመሳሳይ ፈቃድ አጋራ፣ «ኤንሲ» ለንግድ አይሁን ማለት ነው) የሆኑ ሁለት መጻሕፍትን ቀላቅሎ አንድ አዲስ ጽሑፍ ማድረግም አይፈቀድም፤ ሁለቱም «በእኔው ፈቃድ አውጣ» ስለሚሉ ይጋጫሉ።

ተማሪ የሚያለቅሰው ግን የፕሮግራም ኮዱ ላይ ነው። ከፒዲኤፍ ኮድ ኮፒ ሲደረግ ቀጥ ያለው የጥቅስ ምልክት ተቆልምሞ ይመጣል፣ የመስመር ቁጥሩ አብሮ ይለጠፋል፣ በፓይተን መስመር መጀመሪያ የሚገባው ክፍተት ይጠፋል። ጀማሪው ሲንታክስ ኤረር (የአጻጻፍ ስህተት መልእክት) ያያል፤ መስመሩን ከመጽሐፉ ጋር ያመሳክራል፤ ፊደል በፊደል አንድ ነው። የተቆለመመ ጥቅስ በዓይን አይለይማ! ላቡ እዚያ ያልቃል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የየምዕራፉን ኮድ በተለየ ፋይል ስጡ፣ ከመስጠታችሁ በፊትም ሁሉንም ተማሪው በሚጠቀምበት የፓይተን ስሪት አሂዱት። የቆየ ነጻ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ በፓይተን 2 የተጻፈ ነው፤ የእሱ ድጋፍ ጃንዋሪ 1 ቀን 2020 አብቅቷል። ያለ ቅንፍ የተጻፈ የፕሪንት ትእዛዝ በፓይተን 3 ወዲያው ስህተት ብሎ ስለሚጮህ ይታረማል። ክፉው ዝም የሚለው ነው፤ 7/2 በፓይተን 2 የሚሰጠው 3 ነው፣ በፓይተን 3 ግን 3.5። ፕሮግራሙ ይሄዳል፣ መልሱ ይሳሳታል።

ክፍት መጽሐፍ ሴሚስተሩ መሀል ሊታደስ ስለሚችልም ስሪቱን ቆልፉ። በጊት (የፋይል ለውጦችን በሚመዘግበው ሥርዓት) ላይ ካለ የትኛውን ኮሚት (የተመዘገበ ስሪት) እንደያዛችሁ አውትላይኑ ላይ ጻፉ፤ ፈቃዱ ከፈቀደ ፒዲኤፉን አውርዳችሁ አስቀምጡ። ኢንተርኔት የሚቆራረጥበት ተማሪም በዚሁ ይገላገላል። ወረቀት ለሚመርጥ ስታትሙ ደግሞ ሥዕሎቹን እዩ፤ ሬድ-ብላክ ዛፍ በጥቁርና ነጭ ከታተመ የቱ ቀይ የቱ ጥቁር እንደሆነ ሊጠፋ ይችላል። ኖዶቹ ላይ «ቀ» እና «ጥ» ብሎ መጻፍ ደቂቃ አይፈጅም። ኮድ በፎቶ መልክ የገባበት መጽሐፍ ደግሞ በስክሪን ሪደር (ጽሑፍን ወደ ድምፅ በሚቀይር ፕሮግራም) ለሚያነብ ዓይነ ስውር ተማሪ ባዶ ገጽ ነው፤ ይህን ሳያዩ መምረጥ ነውር ነው።

የሚቀረው መልመጃው ነው። ኤሪክሰን ለመልመጃዎቹ መልስ እንደማይሰጥ በግልጽ አስታውቋል፤ ጥያቄዎቹ ግን ሞልተዋል። ሦስት መምህራን ምዕራፎቹን ቢከፋፈሉና እያንዳንዳቸው ለየምዕራፉ አምስት ጥያቄ ከነመፈተሻ ግብዓቱ (የተማሪው ፕሮግራም ከሚሞከርበት ዳታ ጋር) ቢያዘጋጁ በሁለት ሴሚስተር የራሳቸው ክምችት ይኖራቸዋል። መፈተሻው ባዶ ዝርዝርን፣ አንድ አባል ብቻ ያለውን፣ ተደጋጋሚ ቁጥሮችን፣ አስቀድሞ የተደረደረውንና በጣም ትልቁን መያዝ አለበት፤ የተማሪ ኮድ የሚወድቀው እነዚህ ላይ ነውና። ይህን ግን በትርፍ ሰዓታችሁ ሥሩ ማለት ግፍ ነው። ዲፓርትመንቱ እንደ ማስተማር ሰዓት ይቁጠርላቸው። መጽሐፍ ሲጸድቅም ከርዕሱ አጠገብ የተማሪው ዋጋ፣ ከነመግቢያ ኮዱ፣ በቁጥር ይጻፍና ስብሰባው ላይ ጮክ ተብሎ ይነበብ።